ስለ ዕፅዋት ሥር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሥር ዓይነቶችና አገልግሎታቸው ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከመሠረታዊው እስከ አከራካሪው።

ሥር ለተክሉ ምን ያደርግለታል?

ሁሉም የሚያውቃቸው ሁለት ተግባራት አሉ፤ ተክሉን ከመሬት ጋር አጥብቆ መያዝና ውሃን ከነማዕድኑ መምጠጥ። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ብረትና የመሳሰሉት ንጥረ ነገሮች ወደ ተክሉ የሚገቡት በዋናነት በውሃ ሟሙተው በሥር በኩል ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ቀሪዎቹ ናቸው። ሥር ምግብ ያከማቻል፤ ተክሉ ከድርቅ፣ ከብርድ ወይም ከእሳት በኋላ እንደገና የሚያቆጠቁጠው በዚያ ስንቅ ነው። የሥር ጫፎች ሳይቶካይኒን የተባለ ሆርሞን እያመረቱ ወደ ላይ ይልካሉ፤ ይህ ሆርሞን የቅጠልና የእምቡጥ ሕዋሳት እንዲከፋፈሉ ያደርጋል። ከዚህም ሌላ ሥር ስኳር፣ አሲድና ሌሎች ውህዶችን ወደ አፈር ያፈሳል። በዚህ የተነሳ ሥሩን የከበበው ስስ የአፈር ሽፋን ራቅ ካለው አፈር ይልቅ በባክቴሪያና በፈንገስ እጅግ የተሞላ ነው። ጀርመናዊው ሎሬንዝ ሂልትነር እ.ኤ.አ. በ1904 ለዚህ ሽፋን ራይዞስፌር የሚል ስም ሰጠው፤ እስከ ዛሬም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

ስንት ዓይነት ሥር አለ?

እንደ አመጣጣቸው ከታየ ሦስት ናቸው። ዘር ሲበቅል ከሁሉ ቀድሞ ብቅ የሚለው ትንሿ ሥር ናት። እሷ ሳትጠፋ እየወፈረች ቀጥ ብላ ወደ ታች ከወረደችና ሌሎች ቅርንጫፍ ሥሮች ከጎኗ ከወጡ፣ ዋና ሥር ይባላል። ካሮት፣ ባቄላ፣ ጥጥና አብዛኞቹ ዛፎች በልጅነታቸው እንዲህ ናቸው።

በስንዴ፣ በሩዝ፣ በበቆሎና በሣር ዓይነቶች ግን ያቺ የመጀመሪያ ሥር ብዙም ጎልታ አትቀጥልም። ከግንዱ ግርጌ ተመጣጣኝ ውፍረት ያላቸው በርካታ ቀጫጭን ሥሮች ይወጡና በአፈሩ ውስጥ ይበተናሉ፤ ቃጫማ ሥር የሚባለው ይህ ነው። ዋና ሥር ጥልቅ ውሃ ፍለጋ ላይ ይበረታል፤ ቃጫማው ደግሞ ላይኛውን አፈር ጠቅልሎ በመያዝና ጥቂት ዝናብ እንኳ ሲጥል ቶሎ በመምጠጥ። ሣር የለበሰ ዳገት በጎርፍ በቀላሉ የማይሸረሸረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ከሌላ ሥር ሳይሆን ከግንድ፣ ከቅርንጫፍ ወይም ከቅጠል የሚወጣ ሥር ነው። የበቆሎ አገዳ ግርጌ ላይ ዙሪያውን ወጥተው መሬት የሚነኩት ሥሮች፣ መሬት ላይ የሚሳብ ሐረግ አንጓው ላይ የሚያወጣቸው ሥሮች፣ ውሃ ውስጥ ከተቀመጠ ቅርንጫፍ የሚበቅሉት ሁሉ እዚህ ይመደባሉ። በጥብቅ ከተነገረ የቃጫማ ሥርም አብዛኛው ክፍል ከዚህ ወገን ነው፤ የሚወጣው ከግንድ ግርጌ ነውና። ስለዚህ ምድቦቹን ፈጽሞ የማይገናኙ አድርጎ ማሰብ አያስፈልግም።

ተክሉን ሳልነቅል የሥሩን ዓይነት ማወቅ እችላለሁ?

አብዛኛውን ጊዜ አዎ። ቅጠሉን ይመልከቱ። ደም ሥሮቹ ከግርጌ እስከ ጫፍ ጎን ለጎን ትይዩ ሆነው ከሄዱ ተክሉ ባለ አንድ ክክ ነው (እንደ ስንዴና በቆሎ ዘሩ ለሁለት የማይከፈል)፤ ሥሩም ቃጫማ ይሆናል። የቅጠሉ ደም ሥሮች እንደ መረብ ከተሳሰሩ ተክሉ ባለ ሁለት ክክ ስለሆነ ዋና ሥር እንዳለው መገመት ይቻላል። ይህ ግምት የሚሳሳተው በተለይ ከቁራጭ በተባዙ ተክሎች ላይ ነው፤ ከዘር ስላልበቀሉ እውነተኛ ዋና ሥር የላቸውም።

ውሃ የሚመጠው የትኛው የሥር ክፍል ነው?

ወፍራሙ አይደለም። ዕድሜ ያለው ሥር ቅርፊት ስለሚያበጅ በዋናነት ማጓጓዣና መያዣ ነው። አብዛኛው መምጠጥ የሚካሄደው ከጫፉ ትንሽ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ፣ የሥር ፀጉሮች ባሉበት አጭር ክፍል ነው። አንድ የሥር ፀጉር ሙሉ ሥር አይደለም፤ የአንዲት የላይኛ ሕዋስ ግድግዳ ወደ ውጭ ተለጥጦ የሠራው ቀጭን ቱቦ ነው። አፈር ቅንጣቶች መካከል እየገባ በቅንጣቶቹ ላይ የተለጠፈውን ስስ ውሃ ይደርስበታል። ዕድሜው ግን ከቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ ሥሩ በጫፉ በኩል ሲያድግ አዳዲሶቹ ይወጣሉ፣ የኋለኞቹ ይረግፋሉ።

ለማየት ማጉያ መነጽር እንኳ አያስፈልግም። የፍጅል ወይም የስንዴ ዘር በረጠበ ወረቀት ላይ አስቀምጠው በክዳን ይሸፍኑት። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ በወጣችው ሥር ዙሪያ ሻጋታ የሚመስል ነጭ ጭጋግ ይታያል። ብዙ ሰው ሻጋታ መስሎት ይጥለዋል። ጫፉ ልሙጥ ሆኖ ጭጋጉ ከጫፉ ትንሽ ርቆ ከጀመረ የሥር ፀጉር ነው።

ብዛታቸው ለማመን ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1937 አሜሪካዊው ሃዋርድ ዲትመር ራይ የሚባለውን የስንዴ ዘመድ አንዲት ተክል በሳጥን አፈር ውስጥ ለአራት ወር ያህል አሳድጎ ሥሯን አጥቦ ለካ። የሥሮቿ ርዝመት ተደምሮ ወደ 620 ኪሎ ሜትር፣ የሥር ፀጉሮቿ ቁጥር ደግሞ ወደ 14 ቢሊዮን ሆነ፤ የፀጉሮቹ ርዝመት ብቻ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ችግኝ ስናዛውር አፈሩን አራግፈን ሥሩን ስንነቅል የምንበጥሰው ይህንን ነው።

ውሃው እስከ ቅጠል የሚደርሰው ሥሩ ስለሚገፋው ነው?

በከፊል ብቻ። እንግሊዛዊው ስቲቨን ሄልስ የተቆረጠ የወይን ግንድ ላይ ቱቦ ገጥሞ ከሥር የሚመጣውን ግፊት ለካ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1727 አሳተመ። ግፊቱ እውነት ነው። ጠዋት ጠዋት በሣር ቅጠል ጫፍ ላይ ተንጠልጥለው የሚታዩት ጠብታዎች ሁልጊዜ ጤዛ አይደሉም፤ ብዙዎቹ ሌሊቱን ሥሩ ገፍቶ ያወጣቸው ናቸው። ጤዛ ቅጠሉን በሙሉ ያለብሳል፣ እነዚህ ግን ጫፍና ጠርዝ ላይ ብቻ በሥርዓት ይደረደራሉ።

ሆኖም ይህ ግፊት ለረጃጅም ዛፎች በፍጹም አይበቃም። ቀን ቀን ሥራውን የሚሠራው ከላይ ያለው ስበት ነው፤ ከቅጠል ውሃ ሲተን ዛይለም በተባሉት ውሃ አመላላሽ ቱቦዎች ውስጥ ያለው ያልተቋረጠ የውሃ አምድ ይሳባል። ከ115 ሜትር በላይ የሚረዝም የካሊፎርኒያ ሬድዉድ ጫፍ ውሃ የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው። የሥሩ ድርሻ በሩን መክፈትና መጠበቅ ነው። በሥሩ መሃል ዙሪያ ያሉ ሕዋሳት ግድግዳቸው ውሃ በማያሳልፍ ቀበቶ የታሸገ በመሆኑ ወደ ዛይለም የሚገባ ሁሉ በሕያው የሕዋስ ሽፋን በኩል ማለፍ ግድ ይለዋል፤ ስለዚህ ተክሉ የሚያስገባውንና የሚያስቀረውን ይመርጣል። ቀበቶው ካስፓሪያን የሚባለው በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሮበርት ካስፓሪ ስም ነው።

ካሮት ሥር ከሆነ ድንችስ? ሽንኩርትስ?

ካሮት፣ ፍጅል፣ ስኳር ድንችና ካሳቫ ሥር ናቸው። ድንች ግን ግንድ ነው። ዝንጅብልና እርድ አግድም የሚሄዱ ግንዶች ናቸው። ሽንኩርት ምግብ ያከማቹ የቅጠል ግርጌዎች ክምር ሲሆን፣ እውነተኛ ሥሮቹ ከታች የሚንጠለጠሉት ክሮች ብቻ ናቸው። ቀይ ሥር ደግሞ ድብልቅ ነው፤ የላይኛው ክፍሉ ከግንድ፣ የታችኛው ከሥር የተገኘ ነው።

መለያው ቀላል ነው፤ ግንድ አንጓና እምቡጥ አለው፣ ሥር ግን እነዚህ የሉትም። ድንቹ ላይ የምናያቸው «ዓይኖች» እምቡጦች ናቸው፤ ለዚህም ነው ከእያንዳንዱ ዓይን ቡቃያ የሚወጣው። ካሮት ላይ ዓይን አይገኝም። ካሮትን በአግድም ቆርጠው ብርሃን ላይ ቢያዩት፣ ከመሃለኛው ክፍል ተነስተው ሥጋውን ሰንጥቀው ወደ ቆዳው የሚወጡ ቀጫጭን መስመሮች ያያሉ። እነዚህ ቅርንጫፍ ሥሮች ናቸው። የግንድ ቅርንጫፍ ከላይኛው ንብርብር ሲጀምር፣ የሥር ቅርንጫፍ ከውስጥ ተወልዶ የእናቱን ሥጋ ቀዶ ይወጣል። በሥርና በግንድ መካከል ካሉት ልዩነቶች ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀው ይህ ነው።

ካሮትና ቀይ ሥር የሚያከማቹት ለእኛ ብለው አይደለም። ሁለቱም በመጀመሪያው ዓመት ስኳሩን ሥራቸው ውስጥ ያስቀምጡና በሁለተኛው ዓመት አበባና ዘር ለማውጣት ይጠቀሙበታል። አበባ ያወጣ ካሮት ተነቅሎ ሲታይ ሥሩ እንጨት የሆነው ስንቁ ስላለቀ ነው።

ሥር ወደ ታች መሄድን በምን ያውቃል?

እ.ኤ.አ. በ1806 ቶማስ አንድሩ ናይት ዘሮችን በውሃ ኃይል በሚሽከረከር ጎማ ላይ አስሮ አበቀለ። ሥሮቹ ወደ ታች ሳይሆን ሽክርክሪቱ ወደሚገፋቸው ወደ ውጭ፣ ቡቃያዎቹ ደግሞ ወደ መሃል አደጉ። በዚህም ሥር የሚከተለው እርጥበትን ወይም ጨለማን ብቻ ሳይሆን ክብደት የሚሳብበትን አቅጣጫ እንደሆነ ታወቀ። ቻርልስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ1880 ያሳተሙት ሥራ ደግሞ የሥሩ ጫፍ ከተቆረጠ ሥሩ ማደጉን ቢቀጥልም አቅጣጫውን እንደሚስት አሳየ።

ሚስጥሩ ያለው የሥሩን ጫፍ በሸፈነው የሥር ቆብ ውስጥ ነው። በቆቡ መሃል ባሉ ሕዋሳት ውስጥ ከባድ የስታርች ቅንጣቶች አሉ፤ ሥሩ በጎኑ ሲጋደም እነሱ ወደ አዲሱ ታችኛ ጎን ይወርዳሉ። ያን ጊዜ ኦክሲን የተባለው ሆርሞን በታችኛው ጎን ይበዛል። በግንድ ውስጥ እድገትን የሚያፋጥነው ኦክሲን በሥር ውስጥ ሲበዛ ያዘገያል፤ ስለዚህ የላይኛው ጎን ቀድሞ ይረዝምና ሥሩ ወደ ታች ይታጠፋል። ዘሩን ገልብጠው ቢዘሩት የማያስፈራው በዚህ ምክንያት ነው።

የምድር ስበት ብቸኛው መሪ ግን አይደለም። ሥር ወደ እርጥበት ይታጠፋል፣ ከብርሃን ይሸሻል፣ ድንጋይ ሲነካ ዞሮ ያልፋል። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ፣ ክብደት በማይሰማበት ቦታ፣ የበቀሉ ችግኞች ሥር ብርሃንን እየሸሸ ከቡቃያው ተቃራኒ አድጓል።

የዛፍ ሥር ምን ያህል ይጠልቃል? እውነት እንደ ዛፉ ቁመት ነው?

አይደለም። ከመሬት በላይ ያለው ዛፍ ከመሬት በታች ተገልብጦ የሚታይበት የተለመደ ሥዕል ያሳስታል። የአብዛኞቹ ዛፎች ሥር በብዛት የሚገኘው በላይኛው አንድ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ውሃና ማዕድን የሚመጥጡት ቀጫጭኖቹ ደግሞ በላይኛዎቹ ጥቂት አስር ሴንቲ ሜትሮች ይበዛሉ። ምክንያቱም አየርና ብስባሽ ያለው እዚያ ነው። በስፋት ግን ሥሩ ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ትልቅን ዛፍ ግንዱ ሥር ብቻ ውሃ ማፍሰስ ብዙም አይጠቅመውም፤ ቅርንጫፉ ከሚያበቃበት አካባቢና ከዚያም ወጣ ብሎ ማጠጣት ይሻላል።

በደረቅ አገር ያሉ አንዳንድ ዛፎች ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ናቸው። በካላሃሪ በረሃ ለውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር የአንድ ቦሺያ ዛፍ ሥር 68 ሜትር ጥልቀት ላይ ተገኝቷል፤ በአሪዞና የማዕድን ቁፋሮ ላይ ደግሞ የመስኪት ሥር ከ50 ሜትር በታች ታይቷል። እንዲህ ያሉ ጥልቅ ሥሮች ሌሊት ሌሊት ከታች የሳቡትን ውሃ በላይኛው ደረቅ አፈር ውስጥ ሲለቁ ተስተውለዋል፤ ከዚያ ውሃ ጎረቤት ተክሎችም ይጠጣሉ።

ውሃ ሳበዛለት ተክሌ ለምን ይጠወልጋል?

ሥር ስለሚተነፍስ ነው። የሥር ሕዋሳት ማዕድን ለመሳብ ኃይል ይፈልጋሉ፤ ኃይሉ የሚገኘው ስኳርን በኦክሲጅን በማቃጠል ነው። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያሉ ክፍተቶች በውሃ ሲሞሉ ኦክሲጅን የሚጓዝበት ፍጥነት ከአየር ጋር ሲነጻጸር ወደ 10,000 ጊዜ ያህል ይቀንሳል። በታፈነ ሥር ውስጥ ሕዋሶቹ የውሃ መግቢያ ቀዳዳዎቻቸውን ይዘጋሉ፤ እናም ተክሉ በውሃ መሃል ቆሞ ይጠማል። ባለቤቱ መጠውለጉን አይቶ ተጨማሪ ውሃ ሲያፈስበት ነገሩ ይባስ ይከፋል። የቤት ውስጥ ተክሎች ከጥማት ይልቅ በዚህ መንገድ ነው በብዛት የሚሞቱት ብዬ አምናለሁ።

ሁለቱን ለመለየት ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ያስገቡ። አፈሩ ደረቅ ከሆነ ጥማት ነው። እርጥብ ሆኖ ተክሉ ከጠወለገ ከሳህኑ አውጥተው ሥሩን ይዩት፤ ጤነኛ ሥር ነጭ ወይም ፈዛዛ ቡናማና ጠንካራ ነው፣ የበሰበሰው ጠቁሮ ይለሰልሳል፣ ሲነካ ቆዳው ይላጥና መሃሉ ያለው ክር ብቻ ይቀራል፣ ይሸታልም። የበሰበሰውን ቆርጦ አየር በሚያሳልፍ አዲስ አፈርና ታቹ በተበሳ ዕቃ መትከል ሊያድነው ይችላል። ሩዝ ውሃ ውስጥ ቆሞ የማይታፈነው በግንዱና በሥሩ ውስጥ አየር ከላይ ወደ ታች የሚወርድባቸው ባዶ መተላለፊያዎች ስላሉት ነው።

አንዳንድ ሥሮች ለምን ከመሬት በላይ ይወጣሉ?

የሚወጡት በተለያየ ምክንያት ነው። በባሕር ዳርቻ ጭቃ ውስጥ የሚበቅለው ማንግሮቭ ጭቃው ኦክሲጅን ስለሌለው፣ አቪሴኒያ የተባለው ዓይነት እርሳስ የሚያህሉ ሥሮችን በሺዎች ወደ ላይ ያቆማል፤ ማዕበሉ ሲሸሽ በእነሱ ቀዳዳዎች አየር ይስባል። ራይዞፎራ የተባለው ደግሞ ከግንዱ ወደ ጎን እየቀሰቱ በሚወርዱ ሥሮች ቆሞ ማዕበሉን ይቋቋማል።

ባንያን የተባለው የሾላ ዘመድ ከቅርንጫፎቹ ወደ ታች ሥር ይጥላል፤ መሬት ሲነኩ ወፍረው ምሰሶ ይሆናሉ። በሕንድ፣ ኮልካታ አጠገብ ሃውራ በሚገኘው የዕፅዋት ማዕከል ያለው ታላቁ ባንያን ዋና ግንዱ በፈንገስ ተጎድቶ እ.ኤ.አ. በ1925 ተወግዷል። ዛፉ ግን በሺዎች በሚቆጠሩ ምሰሶ ሥሮቹ ላይ ቆሞ እስከ ዛሬ ይሰፋል።

ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው የሚኖሩ ኦርኪዶች ሥራቸው አየር ላይ ነው። በሞቱ ባዶ ሕዋሳት የተሠራ ነጭ ሽፋን አላቸው፤ ዝናብ ሲነካው በፍጥነት ይመጥና ከሽፋኑ በታች ያለው አረንጓዴ ያንጸባርቃል። ብርማ መልክ ካለው ጠምቶታል፣ አረንጓዴ ከሆነ ጠጥቷል። ኦርኪድ ለሚያሳድግ ሰው ከዚህ የተሻለ ምልክት የለም።

በጥራጥሬ ሥር ላይ ያሉት እባጮች በሽታ ናቸው?

ብዙውን ጊዜ አይደሉም፤ ይልቁንም የሚያስደስቱ ናቸው። ከአየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆንም ተክል በቀጥታ ሊጠቀምበት አይችልም። በእነዚህ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ራይዞቢየም የተባሉ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅኑን ወደ አሞኒያ ይለውጡለታል፤ ተክሉም በልዋጩ ስኳር ይመግባቸዋል። ይህንን ሄርማን ሄልሪገልና ሄርማን ቪልፋርት የተባሉ ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ አረጋገጡ፤ ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤየሪንክም በ1888 ባክቴሪያውን ለይቶ አወጣ።

እባጩ እየሠራ መሆኑን ለማወቅ በጥፍር ይክፈሉት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ እየሠራ ነው። ቀለሙን የሚሰጠው ሌግሄሞግሎቢን የተባለ፣ የደማችን ሄሞግሎቢን ዘመድ የሆነ ፕሮቲን ነው፤ ናይትሮጅን የሚለውጠው ኤንዛይም በኦክሲጅን ስለሚበላሽ፣ ይህ ፕሮቲን ኦክሲጅኑን ይዞ በልክ ያድላል። ነጭ ከሆነ ገና አልጀመረም ወይም ባክቴሪያው አይሠራም፤ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ጊዜው አልፏል። ናይትሮጅን ያለው ማዳበሪያ የበዛበት ማሳ ላይ እባጮች የሚያንሱት ተክሉ ያለ ክፍያ ናይትሮጅን ካገኘ ባክቴሪያ መቀለብ ስለማያስፈልገው ነው።

በሽታ የሆነውም አለ። ኔማቶድ የተባሉ ጥቃቅን ትሎች የሚፈጥሩት እብጠት ሥሩን ራሱን ያሳብጠዋል፤ በጣት ሲታሽ አይላቀቅም። የራይዞቢየም እባጭ ግን ከሥሩ ጎን የተለጠፈ ስለሆነ በቀላሉ ይረግፋል።

ሥር ላይ ያለ ፈንገስ ሁልጊዜ ጎጂ ነው?

ተቃራኒው ነው የሚበዛው። ከዕፅዋት ዝርያዎች ከአምስቱ አራቱ ያህል ሥራቸው ከፈንገስ ጋር ተጣምሮ ይኖራል፤ አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1885 ጥምረቱን ማይኮራይዛ ብሎ ሰየመው። የፈንገሱ ክሮች ከሥር ፀጉርም እጅግ ስለሚቀጥኑ ሥር የማይደርስበት ቀዳዳ ውስጥ ይገባሉ። ትልቁ ጥቅማቸው ፎስፈረስ ላይ ነው። ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ የሚንቀሳቀሰው እጅግ በዝግታ ስለሆነ ሥሩ በአቅራቢያው ያለውን ከጨረሰ በኋላ ሌላ እስኪመጣ መጠበቅ አይችልም፤ ፈንገሱ ርቆ ሄዶ ያመጣለታል።

ጥምረቱ ጥንታዊ ነው። በስኮትላንድ ራይኒ በተባለ ቦታ በተገኙ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆናቸው ቅሪቶች ውስጥ፣ ገና እውነተኛ ሥር ያልነበራቸው ተክሎች ፈንገሱን በውስጣቸው ይዘው ይታያሉ። የጎመን ቤተሰብ ግን በአብዛኛው ያለዚህ ጥምረት ይኖራል። ግብጦም እንዲሁ ሌላ ዘዴ አለው፤ ፎስፈረስ ሲያጥረው በጣም የተጠጋጉ አጫጭር ሥሮችን በዘለላ ያወጣና ሲትሪክ አሲድ አፍስሶ ከአፈር ቅንጣት ጋር የተጣበቀውን ፎስፈረስ ያሟሟል።

ሥር ሲቆረጥ ተክሉ ይሞታል?

የትኛውና ምን ያህሉ እንደተቆረጠ ይወስነዋል። ጫፉ የተቆረጠ ሥር ብዙ ጊዜ ከቁስሉ ጀርባ በርካታ አዳዲስ ቅርንጫፎች ያወጣል። በዕቃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቆይቶ ዙሪያውን የተጠመጠመ ሥር ሳይቆረጥ ቢተከል ጉዳቱ ይበልጣል፤ መጠምጠሙን በመሬት ውስጥም ይቀጥልና ከዓመታት በኋላ የራሱን ግንድ ያንቃል። እንዲህ ያለውን ሲተክሉ በጎን በጎኑ በቢላ መተልተል አይፍሩ።

አደገኛው የትልልቅ ዛፍን ሥር ግንዱ አጠገብ መቁረጥ ነው። አንድ ወፍራም ሥር ሲቆረጥ ከእሱ የተነሱት ሺህ ቀጫጭኖች አብረው ይሄዳሉ፤ ዛፉም መቆሚያውን ያጣል። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም፤ ቅርንጫፉ ከጫፍ መድረቅ የሚጀምረው ከዓመታት በኋላ ሊሆን ስለሚችል ማንም ከቁፋሮው ጋር አያያይዘውም።

የዛፍ ሥር ቧንቧና የቤት መሠረት ይሰብራል?

ጤነኛ ቧንቧን ሰብሮ የሚገባ ሥር እምብዛም አይገኝም። ሥሩ የሚገባው ቀድሞ ባፈሰሰ መገጣጠሚያ ወይም ስንጥቅ ነው፤ እርጥበቱን ተከትሎ ይደርሳል፣ በክር ያህል ቀዳዳ ይገባል፣ ውስጥ ገብቶ ሲወፍር ስንጥቁን ያሰፋል። ሥሩን ብቻ ቆርጦ ፍሳሹን አለመጠገን ስለዚህ ዋጋ የለውም። ስስ የእግረኛ መንገድንና አጥርን ግን በውፍረቱ ያነሳል።

መሠረትን በተመለከተ ትልቁ ችግር ግፊት ሳይሆን ውሃ ነው። ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲረጥብ የሚያብጥ ጭቃማ አፈር ላይ በተሠራ ቤት አጠገብ ትልቅ ዛፍ ካለ፣ በበጋ አፈሩን እያደረቀ ያኮማትረዋል፤ መሠረቱም ይሰምጣል። እንዲህ ባለ አፈር ላይ ያረጀን ዛፍ በአንድ ጊዜ መቁረጥም አፈሩ መልሶ እንዲያብጥ ስለሚያደርግ ቤቱን ሊያነሳው ይችላል።

ሥር የሌለው ተክል አለ?

አለ። ከአበባ ተክሎች ሁሉ የምታንሰው ውሃ ላይ ተንሳፋፊዋ ቮልፊያ ሥር የላትም። ነፍሳትን በውሃ ውስጥ የሚያጠምደው ዩትሪኩላሪያም የለውም። ሞስም እውነተኛ ሥር የለውም፤ የሚይዘው በጥቃቅን ክሮች ብቻ ነው።

አቀንጭራ በቆሎና ማሽላ መኖሩን በምን ያውቃል?

አቀንጭራ በሰብል ሥር ላይ ተጣብቆ የሚኖር አረም ነው፤ የሚያውቀውም በሥራቸው ሽታ ነው ማለት ይቻላል። የአቀንጭራ ዘር ከአቧራ የማይበልጥ ስለሆነ ስንቅ የለውም፤ በቀለ ማለት በቀናት ውስጥ ሥር ካላገኘ መሞት ነው። ስለዚህ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ፣ የሚጣበቅበት ሰብል ሥር የሚለቀው ስትራይጎላክቶን የተባለ ውህድ እስኪደርሰው ይጠብቃል። ከዚያ በቅሎ በልዩ መምጠጫ የሰብሉን ሥር ወግቶ ይገባና ውሃውንና ምግቡን ይወስዳል። አቀንጭራው ከመሬት በላይ ሲታይ አብዛኛው ጉዳት ደርሷል።

ታዲያ ሰብሉ ጠላቱን የሚጠራ ነገር ለምን ይለቃል? የዚህ መልስ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ያው ውህድ ማይኮራይዛ ፈንገስን የሚጠራበት መልእክት ሆኖ ተገኘ። ሥሩ ፎስፈረስ ሲርበው ለወዳጁ የሚልከውን ጥሪ አቀንጭራ መጥለፍ ተምሯል። ለዚህም ነው ለምነቱ በተሟጠጠ ማሳ ላይ አቀንጭራ የሚበረታው። ገበሬ ይህንኑ ጥሪ መልሶ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ጥጥና አኩሪ አተር ውህዱን ቢለቁም አቀንጭራ ሊጣበቅባቸው ስለማይችል፣ እነሱን በፈረቃ መዝራት ዘሩ ያለ ምግብ በቅሎ እንዲሞት ያደርጋል።

ዛፎች በሥራቸው በኩል እርስ በርስ ይመጋገባሉ የሚባለው እውነት ነው?

ሁለት ነገሮች እየተቀላቀሉ ይነገራሉ። አንደኛው የተረጋገጠ ነው፤ የአንድ ዝርያ ዛፎች ሥሮች ሲነካኩ ተጋጥመው አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በኒውዚላንድ ቅጠል አልባ የካውሪ ጉቶ በጎረቤቶቹ ሥር በኩል ውሃ እየተዘዋወረበት በሕይወት መኖሩ ታይቷል። በዩታ የሚገኘው ፓንዶ ደግሞ ከ40 ሄክታር በላይ የሸፈነ ደን ቢመስልም፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩት ግንዶቹ ከአንድ የሥር መረብ የበቀሉ አንድ ተክል ናቸው።

ሁለተኛው በፈንገስ ክሮች በኩል እናት ዛፍ ልጆቿን ትመግባለች የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በካናዳ ሱዛን ሲማርድና ባልደረቦቿ ካርቦን ከበርች ወደ ዳግላስ ፈር ችግኝ መሻገሩን በጨረራማ ምልክት ተከታትለው አሳተሙ፤ ከዚያ ወዲህ ታሪኩ ከማስረጃው ቀድሞ ሮጠ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሰፊ ግምገማ በጫካ ውስጥ የተደረጉት ሙከራዎች ካርቦኑ በክሮቹ በኩል እንጂ በአፈር ወይም በአየር አለመሄዱን፣ ከተሻገረም ተቀባዩን የሚጠቅም መጠን መሆኑን ገና እንዳላረጋገጡ አስቀምጧል። እኔ የማዘነብለው ወደ ጥንቃቄው ነው፤ ፈንገሱ ራሱ ከዛፍ ስኳር የሚፈልግ ሕያው ፍጡር ነውና፣ የሚያመላልሰውን ሁሉ ለዛፎቹ ሲል ያመላልሳል ብሎ ለመደምደም ገና ነው።